ከጉለሌ እስከ ገላን፦ ዘፈኑ የጠየቀው፣ ችሎቱ የመለሰው

በየዓመቱ ሰኔ 22 ሲደርስ አንድ ክርክር ይነሣል። የኦሮምኛ ዘፋኙ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በ2012 ዓ.ም. በዚህ ቀን ማታ ነው የተገደለው። ቦታው አዲስ አበባ ዳር፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። ክርክሩ ግን ስለ ግድያው ብቻ አይደለም። አንዱ «ገዳዮቹ ተፈርዶባቸው የለ እንዴ? ታዲያ ምን ቀረ?» ይላል። ሌላው «እውነቱ አልወጣም» ይላል። ሦስተኛው «ያን ሁሉ ተቃውሞና ጣጣ ያመጣው ማላን ጅራ የሚለው ዘፈኑ ነው» ይላል። አራተኛው ደግሞ የፖለቲከኛውን የጃዋር መሐመድን መዝገብ ከግድያው መዝገብ ጋር ቀላቅሎ «ነጻ ተባሉ እኮ» ይላል።

እነዚህ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር ይመስላቸዋል። ግን እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ዘፈኑ አንድ ጥያቄ አለው። የግድያው ችሎት የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። የፖለቲከኞቹ ክስ ደግሞ ሦስተኛ ጉዳይ ነው፤ እሱ ጭራሽ መልስ ሳያገኝ ተዘግቷል። እነዚህ ካልተለዩ ክርክሩ በየዓመቱ እዚያው ይሽከረከራል።

ዘፈኑ ስለ ምን ነበር?

«ማላን ጅራ» የወጣው በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ርእሱ በአማርኛ «ምን ኑሮ አለኝ» እንደ ማለት ነው። ላይ ላዩን የመለያየት ዘፈን ነው። አንድ ሰው የሚወዳትን አጥቷል፤ ርቆ ሄዷል፤ ያዝናል። ኦሮምኛ የማይሰሙ ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች በዜማው ብቻ ወደውት በየታክሲውና በየሰርጉ ሰምተውታል።

ኦሮምኛ የሚሰማው ግን መሐል ላይ አንድ ስም ሲጠራ ጆሮው ይቆማል። ጉለሌ። ለአብዛኛው የከተማችን ነዋሪ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። መታወቂያ የሚታደስበት፣ ግብር የሚከፈልበት ቦታ ነው። የካም እንደዚያው ነው። ለዘፈኑ አድማጭ ግን እነዚህ መጀመሪያ የሰዎች ስም ናቸው። ጉለሌ፣ ኤካ (ዛሬ የካ የምንለው) እና ገላን የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች መጠሪያ ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበሩ ሰዎች ስማቸውን ለሰፈሩ ትተው ቦታውን ለቀቁ። ዘፈኑ የሚያለቅሰው በዚህ ነው። ዘፋኙ ራሱ የተገደለበት ሰፈር የሚጠራውም ከእነዚሁ ጎሳዎች በአንዱ ስም ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ከእነሱ በፊትስ ማን ነበረ?» የሚል። ይህን የሚያነሡ ሰዎች በመካከለኛው ዘመን አካባቢው ላይ ስለነበሩ ሰፈራዎች፣ በተለይም በራራ ስለምትባለው ከተማ የተጻፈውን ይጠቅሳሉ። ጥያቄው ለታሪክ ምርምር ተገቢ ነው። ዘፈኑ በወጣበት ዓመት የነበረውን ቁጣ ለመረዳት ግን አያግዝም። የሰበታው ወይም የለገጣፎው ገበሬ የተናደደው ስለ 500 ዓመት በፊት አልነበረም። የተናደደው ባለፈው ክረምት ስለተለካበት እርሻው ነው። የታሪክ ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢያልቅ የዚያን ገበሬ የካሳ ወረቀት አይቀይረውም።

የካሳው ስሌት

የዘፈኑን ኃይል ለመረዳት ከሙዚቃ ወጥቶ ወደ አዋጅ መግባት ግድ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። መንግሥት ቦታውን «ለሕዝብ ጥቅም» ሲፈልገው ካሳ ከፍሎ ያስለቅቃል። ከ1997 እስከ 2011 ዓ.ም. ይህን ይገዛ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455 ነው። ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ካሳው የሚሰላው ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ ከአንድ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል ጤፍ ያገኛል እንበል። የ10 ዓመቱ ካሳ የ150 ኩንታል ዋጋ ነው። ብሩ በአንድ ጊዜ እጁ ላይ ሲገባ ብዙ ይመስላል። ቤት ይሠራበታል፣ ልጅ ይድርበታል፣ ያገለገለ መኪና ይገዛበታል። ከዚያ ጤፉን ራሱ ከገበያ መግዛት ይጀምራል። የጤፍ ዋጋ ደግሞ ባለበት አይቆምም። ማረስ እንጂ መነገድ የማያውቅ ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ወይ በነበረበት መሬት ላይ የተሠራ ፋብሪካ ዘበኛ ይሆናል፣ ወይ የቀን ሥራ ይፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ድህነት ነው። ቁጣ የሚሆነው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። ያው መሬት ከገበሬው እጅ በጤፍ ዋጋ ይወጣና በሊዝ ለአልሚ ሲተላለፍ በከተማ ቦታ ዋጋ ይሆናል። ሊዝ ማለት መሬትን ለተወሰኑ ዓመታት በክፍያ ማከራየት ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ገበሬው ደግሞ ልዩነቱን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ በዓይኑ ያየዋል።

ለዚህም መልስ የሚሰጡ አሉ። መሬቱ ውድ የሆነው መንግሥት መንገድ፣ ውኃና መብራት ስላስገባለት ነው ይላሉ። ስለዚህ ጭማሪው የሕዝብ ነው፣ የገበሬው ብቻ አይደለም። ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም ጭማሪው የሕዝብ ከሆነ ገበሬውም የዚያ ሕዝብ አካል ነው። ከጭማሪው ምን ያህሉ ወደ እሱ ተመለሰ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆየ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ብዜቱን ወደ 15 ማሳደጉና መነሻውንም ባለፉት 3 ዓመታት ከነበረው ከፍተኛ ገቢ ላይ ማድረጉ የቀድሞው ስሌት እንዳልበቃ መቀበል ነው። ለብዙዎች ግን ዘግይቶ መጣ።

ማስተር ፕላኑና ተቃውሞው

ማስተር ፕላን ማለት የአንድ ከተማ የረጅም ጊዜ መሪ ዕቅድ ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር የሚያስተሳስረው ዕቅድ ሲሰማ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦን ጨምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰዎችም ሞቱ። በኅዳር 2008 ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ጊንጪ ዳግም ተቀሰቀሰና ክልሉን አዳረሰ። በጥር 2008 ያኔ ኦሮሚያን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ኦሕዴድ ዕቅዱ መቅረቱን አሳወቀ። ተቃውሞው ግን አልቆመም። በመስከረም 2009 ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሰው አለቀ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ።

የቀን ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። የመጀመሪያው ተቃውሞ የተነሣው ዘፈኑ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። «ዘፈኑ ነው ያመጣው» የሚለው ክስ በዚህ ብቻ ይወድቃል። ዘፈን ቁጣ አይፈጥርም። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። የሱሉልታው ገበሬና የአምቦው ተማሪ የየራሳቸው ምሬት ነበራቸው። ዘፈኑ ለሁለቱም አንድ ቃልና አንድ ዜማ ሰጣቸው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር እየዘመሩ ነው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ መንግሥት ዘፈንን የሚፈራውም ለዚህ ነው።

ዘፋኙም ከምሬቱ ውጭ አልነበረም። አምቦ ተወልዶ ያደገ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ 5 ዓመት ወህኒ ቤት ቆይቷል። የመጀመሪያ አልበሙን የጻፈው እዚያው ሆኖ ነው።

ሰሙን ማን ይፈርዳል?

ይህ ለአማርኛ ጆሮም እንግዳ አይደለም። ሰምና ወርቅ የምንለው ይኸው ነው። ሰሙ የፍቅር ዘፈን፣ ወርቁ የመሬት ጥያቄ። አዝማሪ በዚህ ጥበብ ለዘመናት ኖሯል፤ ሞቶበታልም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያኖች አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እየለቀሙ ገድለዋል። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል።

በቅርቡ ዘመን መሣሪያው ሕግ ሆነ። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 አንቀጽ 6 ሽብርን ያበረታታል ተብሎ በሕዝብ ሊተረጎም የሚችል መልእክት ማሰራጨትን ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። «ሊተረጎም የሚችል» የሚለውን እንመልከት። ሰምና ወርቅ ማለት እኮ ሁለት ጊዜ ሊተረጎም የሚችል ማለት ነው! በዚህ አዋጅ ሴና ሰለሞንን ጨምሮ ወጣት የኦሮምኛ ድምፃውያን በ2009 ዓ.ም. ሲከሰሱ የቀረበባቸው ነገር ዘፈናቸው ነበር።

አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ የኪነ ጥበብ ሥራን ከክልከላው ውጭ የሚያደርግ አንቀጽ አለው። በወረቀት ደረጃ ዘፋኙ ከቀድሞው የተሻለ ጥበቃ አለው ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። ቅድመ ምርመራ ማለት ሥራው ከመውጣቱ በፊት ባለሥልጣን አይቶ መፍቀድ ወይም መከልከል ነው።

ሦስት መዝገቦች

አሁን ወደ ችሎቱ እንምጣ። የሕዝቡ ግራ መጋባት በብዛት ያለው እዚህ ነው።

ግድያው በተሰማ ማግስት ብዙ ነገር በአንድ ቀን ሆነ። አስከሬኑ ወደ አምቦ ሲሄድ ቡራዩ ላይ ቆመ፤ ወደ አዲስ አበባም ተመለሰ። የት ይቀበር በሚለው ላይ ብርቱ ውዝግብ ነበር። በመጨረሻ ሰኔ 25 አምቦ ተቀበረ። ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። በኦሮሚያ ከተሞች ሰዎች ተገደሉ፣ ቤትና ንብረት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 123 ሰዎች መሞታቸውንና ቢያንስ 500 መቁሰላቸውን አስፍሯል። ከሟቾቹ መካከል በጸጥታ ኃይሎች የተገደሉ አሉ። በማንነታቸው ወይም በሃይማኖታቸው ተመርጠው የተገደሉም አሉ። ስለ ዘፈኑ ጥያቄ እያወሩ እነዚህን ሰዎች መዝለል ተገቢ አይደለም። ሞተው የተገኙት ሰዎች የማንንም እርሻ አልወሰዱም።

ከዚህ ሁሉ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሄዱት መካከል ሦስት መዝገቦች የሕዝብን ጆሮ ያዙ። የመጀመሪያው የግድያው ነው። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዋናው ተከሳሽ ዕድሜ ልክ፣ ሌላው 18 ዓመት፣ ሦስተኛው 6 ወር ተፈረደባቸው። አንድ ተከሳሽ በነጻ ተሰናበተ። ሁለተኛው እነ ጃዋር መሐመድና በቀለ ገርባ ያሉበት፣ 24 ተከሳሾች የነበሩት መዝገብ ነው። ዐቃቤ ሕግ ካነሣቸው ውስጥ የአስከሬኑ መመለስ፣ በዚያ ግርግር የተገደለው የፖሊስ አባልና የብሔር ግጭት ለማስነሣት ተሞክሯል የሚለው ይገኙበታል። ተከሳሾቹ አልተቀበሉም፤ ክሱ ፖለቲካዊ ነው አሉ። ሦስተኛው ከዚያው ግርግር ጋር ተያይዞ የተከፈተው የጋዜጠኛውና ፖለቲከኛው የእነ እስክንድር ነጋ መዝገብ ነው። እነሱም ክሱን አልተቀበሉም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጃዋር የተከሰሰው ሃጫሉን በመግደል አይደለም። ይህን ያህል ዓመት አልፎም «ገዳዩ ተለቀቀ» የሚል ሰው ይሰማል። የግድያው መዝገብና የፖለቲከኞቹ መዝገብ የተለያዩ ናቸው።

በሁለተኛው መዝገብ ላይ ትልቁ ሙግት የምስክር ጉዳይ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹ ማንነታቸው ሳይታወቅ እንዲመሰክሩ ጠየቀ። ለዚህ የሚጠቀሰው ሕግ የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። የሁለቱም ወገን ሥጋት ይገባል። በተጋጋለ ፖለቲካ ውስጥ ምስክር ሊገደል ይችላል። በሌላ በኩል ተከሳሽ የማያየውን ሰው እንዴት ይሞግታል? ታሳሪዎቹ በዚያ ዓመት የረሃብ አድማ እስከማድረግ ደረሱ። ጉዳዩ ፍርድ ላይ ሳይደርስ በታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ መንግሥት ክሱን አቋረጠ። እነ እስክንድርም በዚያው ዕለት ተፈቱ። የተሰጠው ምክንያት አገራዊ ምክክርና እርቅ ነበር።

«ተፈታ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃላቱ በየቀኑ ይደበላለቃሉ። «ይከላከል» የሚለው ብይን ጥፋተኛ ተባለ ማለት አይደለም፤ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መልስ ያስፈልገዋል ማለት ብቻ ነው። «በነጻ ተሰናበተ» ማለት ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መዝኖ አልበቃም ብሏል ማለት ነው። ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ነው። ምሕረት በሕግ የሚወጣ ሲሆን ወንጀሉን ራሱን እንዳልነበረ ይቆጥራል።

ክስ ማቋረጥ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ከሳሹ «ለጊዜው አልቀጥልም» አለ ማለት ነው። ዳኛው ምንም አልፈረደም። ስለዚህ «ነጻ ተባሉ» የሚለው ስህተት ነው፤ «ወንጀለኞች ተለቀቁ» የሚለውም እንዲሁ ስህተት ነው። ተከሳሹ ስሙን የማጽዳት ዕድል አጣ። የዚያ ሳምንት ተጎጂዎች ደግሞ ምን እንደሆነ በማስረጃ ተፈትኖ የመስማት ዕድል አጡ።

መንግሥት እርቅ ይበልጣል ብሎ ከሆነ ምክንያቱን መረዳት ይቻላል። አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ግን ዋጋው ግልጽ መባል አለበት፦ ከሦስቱ መዝገቦች ሁለቱ መልስ ሳይሰጡ ተዘጉ። ፍርድ ያገኘው መዝገብ ደግሞ የመለሰው «ማን ተኮሰ?» የሚለውን ነው። የወንጀል ችሎት ሥራው ያ ነውና በዚህ አይወቀስም። «ማን አስተኮሰ?» የሚለው በአድማጮቹ ልብ ውስጥ የቀረው ስለዚህ ነው። «ምን ኑሮ አለኝ?» የሚለው ግን መጀመሪያውንም ወደ ችሎት የሚሄድ ጥያቄ አልነበረም።

ጥያቄው ዛሬ ማን ጋ ነው?

ከተማዋ አልቆመችም። በየካቲት 2011 የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ነበሩ። በከተማዋ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ያሉት ቤቶች ግን በኦሮሚያ ሰፊ ተቃውሞ አስነሡ። አንድ ጎን ላይ መሬቱ የሄደበት የገበሬ ልጅ ነበር። ሌላው ጎን ላይ ከደሞዟ እየቀነሰች ለዓመታት የቆጠበች ተከራይ ነበረች። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱንም አንድ ቦታ ላይ ያጋጨው ዕቅድ አውጪው ነው።

ከዚያ በፊት የሰንዳፋው ነገር ነበር። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ መሄድ ሲጀምር ገበሬዎቹ ተቃወሙ። ቆሻሻው ወደ ነባሩ መጣያ፣ ወደ ቆሼ፣ ተመለሰ። መጋቢት 2009 ላይ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ዳሩን ሳይጠይቁ መሐሉን ማስተዳደር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላንን ጨምሮ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በዚያው ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች «ሕገ ወጥ ናቸው» ተብለው ፈረሱ። ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑም የአፈራረሱን ሥርዓት ተችቷል። ከፈረሱት ብዙዎቹ ጨረቃ ቤት የምንላቸው ናቸው። ባለቤቶቹ ቦታውን የገዙት ከገበሬው ነው፣ በጎረቤት ምስክርና በወረቀት ውል። ገበሬው የሸጠው ነገ በካሳ ይወሰድብኛል ብሎ ነው። ገዢው የገዛው በከተማው መሐል ኪራይ ስላልቻለ ነው። መሬት አይሸጥም በሚል ሕግ ሥር መሬት ሲሸጥ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ መብራትም ገብቶላቸው ነበር።

አዋጅ 1161 ካሳ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ጨረቃ ቤት የፈረሰበት ሰው ውሉን ይዞ ቢሄድ የሚቀበለው መስኮት የለም። ቦታውን የሸጠለት ገበሬም ከመዝገብ ወጥቷል። ዘፈኑ ሲወጣ ጥያቄው የአንዱ ነበር። አሁን የሁለቱም ሆኗል፤ ሁለቱም ግን እርስ በርስ እየተካሰሱ ነው።